የስልኩ ብረት

ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ይላሉ። እኔን ማን አሳረፈኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አጥልቄ «ሄሎ ቡሬ፣ ሄሎ ፍኖተ ሰላም» ስል ኖሬ፣ በስተርጅና ደግሞ የወንድሜ ሚስት ከብረት ጋር ስታወራ ቁጭ ብዬ ማየት ደረሰብኝ።

ስሜ ሠርክአዲስ ነው። ቡሬ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርሁ፤ ያ ገመድ እየሰካን እየነቀልን ሰው ከሰው የምናገናኝበት ዘመን። ቁጣዬን አገር ያውቀዋል። «ቶሎ አገናኝኝ» ያለኝን ሰው «አንተ ብቻህን ነህ ሰው?» ብዬ ወደ ኋላ እሰደው ነበር። ታዳምጫለሽ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ አዳምጣለሁ፤ ሥራው ነው። ግን በአንድ ነገር ማንም አምቶኝ አያውቅም። በኔ ገመድ መርዶ አልፎ አያውቅም። ደዋዩ «እንግዲህ ጠና በል» ብሎ ሲጀምር ከሰማሁ ገመዱን ነቀል አደርግና «መስመሩ ተበላሽቷል» እላለሁ። ሰውዬው ቢሳደብም ይሳደብ። መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ሆኖ፣ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገር። ስልክ ቤት ቆሞ ሞት በጆሮው የገባበትን ሰው ማን ይደግፈዋል።

የወንድሜ ሚስት አልጣሽ የምትኖረው ከቡሬ ወዲህ፣ ዋናውን መንገድ ለቆ በእግር የሚገባበት መንደር ነው። ወንድሜ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ምስክር። ወምበርማ ውስጥ፣ ከሽንዲ ወዲያ ባለ ገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራል። ግማሽ አስተዳደጉ እኔ ዘንድ ነው፤ ቡሬ እኔ ቤት ሆኖ ነው የተማረ። ባለፈው ለዝክር ብዬ አሁን ከምኖርበት ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ አልጣሽ ዘንድ ሄድሁ። እዚያ እያለሁ መንገዱ ተዘጋ፣ የስልክ መስመሩም ከአገሩ ሁሉ ጠፋ። እዚያው ቀረሁ። ያን ጊዜ እዚህ አገር የነበረ ሰው ስልኩ ሲጠፋ እንዴት እንደሆነ ያውቀዋል፤ የዘመድህን ደህንነት ከአህያ ነጂ ነው የምትሰማ።

አልጣሽ ጓሮ ውስጥ፣ ከጌሾው አጠገብ፣ አንድ ብረት ቆሟል። ጣልያን የተከለው የስልክ ምሰሶ ነው። ከቡሬው ካምፕ ተነስቶ በየሰዉ ማሳ ላይ የሚያልፍ መስመር ነበር አሉ። ጣልያን ሲወጣ ሽቦውን ሴቱ አምባር አደረገው፣ ወንዱ ሞፈር አሰረበት። ምሰሶውንም እየነቀለ ለቤት ወጋግራ ወሰደው። ይኸኛው ብቻ ቀረ። ለምን እንደቀረ አልጣሽ ራሷ ነች የነገረችኝ።

አያቷ ባምላኩ ማሳቸው ላይ ምሰሶ ሲተከል «ጠብቅ፤ ሽቦው ከተቆረጠ ከብትህ ይነዳል» ተባሉ። የበኩር ልጃቸው ገነነ ደግሞ ጫካ ገብቶ ሽቦ ከሚቆርጡት አርበኞች ጋር ነበር። አባት ይጠብቃል፣ ልጅ ይቆርጣል። «የኔን ማሳ ግን አልነካም፤ ለአባቱ አዝኖ ከወዲያ ማዶ ነበር የሚቆርጥ» ይሉ ነበር ሽማግሌው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ማሳው ዳር ካለው የጣልያን ድንኳን አስተርጓሚው ጠራቸው። የስልኳ ሳጥን ጮኻለች። «ከቡሬ ይፈልጉሃል» ብሎ መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ ለጠፈላቸው። ስልክ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። አማርኛ የሚያውቅ ድምፅ ከወዲያ ሆኖ «ልጅህ ገነነ ዛሬ ጠዋት ተሰቅሏል» አላቸው። ይኸው ነው። የያዛቸው የለም፣ አይዞህ ያላቸው የለም። «እሺ» ብለው መነጋገሪያውን መለሱና ወደ አረማቸው ተመለሱ። ሬሳም አልተሰጣቸው። ከሳጥን የወጣ ወሬ መርዶ አይባልም ብለው ለቅሶም ሳይቀመጡ ቀሩ።

ብረቱ መናገር የጀመረ ከዚያ ወዲህ ነው ትላለች አልጣሽ። ነፋስ ሲነሳ ያጉረመርማል። ባምላኩ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ አስጠግተው ይቆሙና «ገነነ ነው፤ በረደኝ ይላል» ይላሉ። ሰው ምሰሶውን ሊነቅል ሲመጣ ጦር ይዘው ወጡ። እነአልጣሽ ቤት አንድ አባባል አለ፤ መርዶው በወጉ ያልተነገረ ሙት መሞቱን አያውቅም፤ መንገድ ላይ ይቀራል። አልጣሽ ይህን እየሰማች፣ ያን ሽማግሌ ብረት ተደግፎ ሲያለቅስ እያየች ነው ያደገች።

እኔ ለብረቱ መልስ ነበረኝ። ባዶ ቱቦ ነው፤ አናቱ ክፍት ነው፤ ነፋስ ሲገባበት እንደ ቅል ያጓራል። ስልክ ቤት ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ይህን የሚያህል ነገር አይጠፋኝም።

ስልኩ ከጠፋ ወዲህ ግን አልጣሽ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ስትጨርስ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ ጓሮ መውጣት አመጣች። ተከትዬ ሄድሁ። ጉንጯን ብረቱ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ምን እየሆንሽ ነው?» አልኋት።

«ምስክር ነው» አለች። «ራቅ ብሎ ነው የሚሰማ። ደህና ነኝ ይላል።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ይኸ ምሰሶ እኮ ሽቦ እንኳ የለው።»

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «ያንቺስ ስልክ ሽቦ አለው ወይ፣ ዋርሳዬ?» አለችኝ፤ የባሏ እህት ነኝና ዋርሳዬ ነው የምትለኝ።

ሞባይሌን ከጉያዬ አውጥቼ አየሁት፤ ሽቦ የለው፣ ድምፅ የለው። ብረቱ ይሻላል፤ እሱስ ያጓራል። ስቄ ተመለስሁ፤ ሳቄ ግን ከአንጀቴ አልነበረም።

እንዲህ እያልን ስንከርም ፀጋው የሚባል የአህያ ነጋዴ ከሽንዲ በኩል ዞሮ ዞሮ መጣ። ቀጥታ አባ ደረሰ ዘንድ ገባ። አባ ደረሰ የመንደሩ ትልቅ ሰው፣ የብዙው ሰው የንስሐ አባት ናቸው። እኔን አስጠሩኝ። ስገባ ፀጋው አንገቱን ደፍቷል።

«ትምህርት ቤቱ አጠገብ ስናልፍ ቀብር ደረስን» አለ። «መምህሩ በንዳድ ሞተ አሉን። መድኃኒት የለ፣ መኪና የለ። እኔም አፈር አልብሼ ነው የመጣሁ።»

«የቱ መምህር? ስሙን ጠየቅህ?» አልሁት።

«ስም መጠየቅ ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ። የተገነዘበትን ጋቢ በዓይኔ አየሁት። ዳሩ ላይ ሰማያዊ ክር ያለው ነው።»

አልጣሽ የፈተለችው ጋቢ ነው። ምስክር መምህርነት የተመደበ ጊዜ ፈትላ፣ አሠርታ፣ «ሌላ ሰው እንዳይወስድብህ» ብላ ሰማያዊ ክር ያስገባችበት። መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ፀጋውም ስንት ጊዜ ምስክር ደርቦት አይቶታል።

ቢሆንም ልቤ እምቢ አለኝ። «አባ፣ ይቆዩ» አልሁ። «ስልኩ እስኪከፈት እንታገሥ። ጋቢ ብቻ ታይቶ ሰው ሞተ አይባልም።»

«ስልኩ መቼ ይከፈታል?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«እንግዲያስ ስሚኝ ልጄ። ፀጋው ብቻውን አልመጣም፤ ወሬው ነገ ገበያ ይገባል። አልጣሽ ውሃ ስትቀዳ አንዷ አፏ ቢያመልጣትስ? እሷም እንደ አያቷ ቆማ ትስማው?»

ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ ስነቅል የኖርሁት ለዚሁ አይደል። ዘመዱ ቢነገረው ቢነገረው በወጉ ይነገረው ብዬ። እሺ አልሁ። ማታ አልጣሽ እህል ቀምሳ መተኛቷን እንዳረጋግጥ አዘዙኝ፤ መርዶ በባዶ ሆድ ሰው ይገድላል። «ምን ነካሽ ዛሬ፣ ብይ ብይ የምትይኝ» አለችኝ። ፊቴን አዙሬ እሳት አራገብሁ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። አባ ደረሰ ከፊት፣ ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ለመያዝ የተዘጋጁ። በሩን የከፈተች ራሷ አልጣሽ ነች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን የቆመ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አየቻቸው፣ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ቀድሜ ነው ያለቀስሁ።

«አልጣሽ፣ ጠና በይ» አሉ አባ ደረሰ። «የእግዜር ነው። ምስክር አርፏል።»

የዚያን ጠዋት ጩኸት እንዲህ ነበር ብዬ አልነግራችሁም። ያሳደግሁት ልጅ ነው፤ እኔም መሬት ነው የወደቅሁ። አለቀስነው። በስሙ ሙሾ ወረደ፣ ደረት ተመታ፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁሯን ለበሰች። አንድ የጎደለ ወግ የለም። ሰው እየቀለለ ሲሄድ፣ ምድጃው አጠገብ ኩርምት ብላ «በወጉ ነገራችሁኝ፤ ተመስገን» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ይወጣላት ይሆናል ብዬ ነበር። ብረቱን ትተወዋለች አልሁ።

አልተወችም። ጭራሽ ባሰባት። ጠዋትም፣ ቀትርም እዚያው ነች። እህሉን እንደሆነ በአፏ አታዞረውም፤ ሁለት ጉርሻ አጉርሻት ሦስተኛውን በእጇ ይዛ ትቀመጣለች። አጥንቷ ወጣ። «አሁንም ይጣራል» አለችኝ። «እኔስ ተነገረኝ። ለሱ ግን ማን ነገረው? መሞቱን አላወቀም፣ ዋርሳዬ። ገነነ ስንት ዘመን እዚህ ውስጥ ቀረ። የኔም ልጅ እዚያው ሊቀር ነው።»

አባ ደረሰ መጥተው ጸሎት አደረጉላት፣ ተቆጧት፣ መከሯት። ጠበሉንም ጠጣች። እሳቸው ሲወጡ ተመልሳ ጓሮ ሄደች። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ብቻዬን ሆኜ በጌሾው አጠገብ ማለፍ መፍራት ጀምሬ ነበር። ያ ጉርምርምታ ቃል ቃል ይለኝ ጀመር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በቆሎ እየፈለፈልሁ፣ መስኮቱ ላይ የተውሁት ሞባይሌ ተንቀጠቀጠ። በፀሐይ እየሞላሁ አስቀምጠው ነበር፤ ለምን እንደምሞላው እኔም አላውቅ። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ማቆሚያ አጣ፤ መስኮቱ ላይ እንደ ጢንዚዛ ዞረ። በቆሎው ከእጄ ወደቀ። አንስቼ ሳየው የመልእክት መዓት ነው። የላኪው ስም ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ ምስክር፣ ምስክር፣ ምስክር።

ስልክ ሲጠፋ ያልደረሰው መልእክት ሲከፈት ተግተልትሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከመሞቱ በፊት የላከው ነው ብዬ አሰብሁ። እያሰብሁ ሳለ ጮኸ። አሁን፣ እጄ ላይ። ስሙም እሱ ነው።

አነሳሁት። ድምፅ ግን አላወጣሁም።

«ሄሎ፣ አክስቴ? ሄሎ?»

«ማን ነህ?» አልሁ።

«ምስክር ነኝ እንጂ። ምነው ድምፅሽ?»

ልክ ነው ድምፁ። ግን እኔም ስንት ቀን ብረት ያዳመጥሁ ሴት ነኝ። «ምስክር ከሆንህ» አልሁ፣ «ስልክ ቤት ማዳመጫዬን የሰበርህ ጊዜ ምን አደረግሁህ?»

ሳቀ። «በጥፊ አጮልሽኛ። ከዚያ አልቅሰሽ ከረሜላ ገዛሽልኝ።»

መሬት ቁጭ አልሁ። ይህን ከኔና ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ጋቢውን ጠየቅሁት። ባልደረባው ይርሳው በንዳድ ሞቶ፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ፣ መገነዣ ጠፍቶ፣ የራሱን ጋቢ እንዳለበሰው፣ እሱም ራሱ በንዳድ ወድቆ ቀብሩ ላይ እንዳልቆመ ነገረኝ። «ሌላ ምን ላድርግለት፣ አክስቴ» አለ። «አንተን እኮ አልቅሰን ጨረስን» አልሁት።

እንዴት ጓሮ እንደደረስሁ አላውቅም። ነጠላዬ አጥር ላይ ቀርቷል። አልጣሽ እንደ ልማዷ ብረቱን ተደግፋ ቆማለች።

«ልጅሽ አለ!» አልኋት። «አልጣሽ፣ ምስክር በሕይወት አለ፤ ይኸው፣ እያናገረኝ ነው።»

ቀስ ብላ ዞረች። ፊቷ ላይ ደስታ ፈለግሁ። ያየሁት ለኔ ማዘን ነው።

«አንቺም ሰማሽው?» አለችኝ። «ተመስገን። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ማስረዳቱ አልመጣልኝም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፍሁት። ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች። «ድምፅህን መቼ አጥቼው።»

«አልሞትሁም፣ እምዬ። የሞተው ይርሳው ነው። ጋቢዬን ለሱ ሰጥቼው ነው።»

«ደግ አደረግህ። አሁን በረደህ?»

አይ ልጅ፣ ምን ያውቃል። «አዎ፣ ትንሽ ይበርደኛል» አላት፤ ያንኑ የገነነን ቃል።

ዓይኗን ጨፈነች። የፊቷ ሥጋ ሲወርድ አየሁት። ብረቱ ሥር ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልክ እንደ አባ ደረሰ ጉሮሮዋን ጠረገች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«አጠገብህ ሰው አለ?» አለችው።

«የለም፣ ኮረብታ ላይ ነኝ። ኔትወርኩ እዚህ ነው የሚይዝ።»

«ሰው ቢኖር ነበር ደጉ። ይሁን። ቁጭ በል እስቲ።»

«ተቀምጫለሁ፣ እምዬ። ምን ሆነሻል?»

«ጠና በል ልጄ። የእግዜር ነው። አንተ አርፈሃል።»

ድሮ ቢሆን ገመዱን እነቅለው ነበር። እጄ ሄዷል፤ በጡረታዬም እጄ ሥራውን አልረሳ። የዚህ ስልክ መንቀያ ግን ጉንጯ ሥር ነው፤ ጉንጯ ደግሞ በእንባ ርሷል። እጄ አየር ላይ ቀረ። በሕይወቴ ሳላስቆመው ያለፈ መርዶ ይኸ ነው፤ እሱም ለሕያው ሰው።

«አገር ወጥቶ አልቅሶልሃል» ትለዋለች፣ ሕፃን እንደምታስተኛ። «አክስትህ መሬት ወድቃ አልቅሳለች። ስምህ ተነስቷል፣ ፍትሐትህ ደርሷል። አንድ የቀረብህ የለም። ገነነ ይህን የሚነግረው አጥቶ ነው መንገድ ላይ የቀረ። አንተ አትቅር። ሂድ አሁን፤ መንገድ ላይ አትቁም።»

ከወዲያ የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነው። ትልቅ ወንድ ልጅ «እምዬ» ብሎ እየጀመረ ያቆማል። ትንሽ አዳመጠችውና ስልኩን በሁለት እጇ፣ እንደ ጠበል፣ መለሰችልኝ።

ከዚያ ተነስታ ጆሮዋን ብረቱ ላይ አደረገች። ነፋስ ነበር፤ ባሕር ዛፉ ከላይ ይተራመሳል፣ የጌሾው ቅጠል ይገለባበጣል። ቆየች። ስትመለስ ጀርባዋ ቀና ብሏል።

«አረፈ» አለች። «ዋርሳዬ፣ የሚቀመስ እህል አለ? ራበኝ።»

ቤት ገብታ በመሶብ የነበረውን አቀረበች። ከበሩ ሆኜ አየኋት፤ እየቆረሰች ትበላለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ደግማ ትቆርሳለች። ልጄ ሞተ ብላ ካለቀሰች ወዲህ እህል በፍቅር ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ደግሞ፣ ያች ምላሰኛዋ፣ ያች አዋቂዋ፣ ወደ ብረቱ ተመልሼ ጆሮዬን ለጠፍሁ። ነፋሱ ፀጉሬን ያነሳዋል። ብረቱ ውስጥ ግን ያ ጉርምርምታ እንኳ የለም። ቀዝቃዛ ብረት ብቻ ነው።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

«አክስቴ» አለ ከእጄ ውስጥ፤ ድምፁ ከለቅሶ ብዛት ሰልሏል። «ነገ ተነስቼ በእግሬ ልምጣ ወይስ ልቅር? ብታየኝስ ምን ትሆናለች?»

በበሩ በኩል አልጣሽን አየኋት። ጣቷን እየላሰች ነው። ና ልለው አፌን ከፈትሁ። አትምጣ ልለውም ከፈትሁ።

«መስመሩ ተበላሽቷል» አልሁትና ዘጋሁት።

ወዲያው መልሶ ጮኸ። አልጣሽ ቀና እንኳ ሳትል መብላቷን ቀጠለች።